መርሳ ላይ አፈር ያለበስኩት ፍም

ሰው ሁሉ የራሱ ሽታ አለው፤ የአባቴ ቤንዚን ነው።

ይህችን አረፍተ ነገር ጽፌ በጣም ደስ ስላለኝ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት። አክስቴ ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ፣ ጻፍኩ አልኳት። እሷም ታዲያ ሽንኩርቱን ማን ሊልጠው ነው አለችኝ። ልጬ ተመለስኩ። እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ የምጽፈው ግን ስለ ቤንዚን ነው።

እናቴ ስትሞት አባቴ ወልድያ ካለችው እህቱ ዘንድ ሊተወኝ አስቦ ነበር። እኔ የመኪናውን በር ይዤ አልለቅም አልኩ። እሱም ልቡ አልቻለም፤ እሺ፣ እንሞክረው፣ ነገር ግን ለአንቺ የሚያሰጋ ነገር ያየሁ ቀን አክስትሽ ጋ ትቀሪያለሽ ብሎ ይዞኝ ዞረ። ከዚያ ወዲያ በየመንገዱ የምፈራው ጅቡን ወይም ሽፍታውን አልነበረም። የምፈራው ያንን ቀን ነበር።

አባቴ የወባ መርማሪዎች ሾፌር ነው። ላንድሮቨሯ ከኋላዋ ባለጎማ ቤት ትጎትታለች። ቤቲቱ ውስጥ ጠባብ አልጋ፣ ጠረጴዛና የደም መርማሪው ማይክሮስኮፕ አሉ። ማይክሮስኮፑ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩም ቤንዚን። ስለዚህ የትም ስንሄድ ቤንዚን ተሸክመን ነው።

ቤንዚንና ሰው አንድ ቤት አያድሩም ይል ነበር አባቴ። ጀሪካኖቹ የሚቆሙት ክፍት በሆነው በላንድሮቨሯ ጀርባ ላይ ነው፤ ቀጥ ብለው፣ በጠፍር ታስረው። ከተጎታቹ ቤት ግን ዝናብ ቢዘንብም አይገቡም። ተጎታች ይወዛወዛል፤ የተወዛወዘ ጠብ ይላል፤ ጠብ ያለው ደግሞ ሽታው በተዘጋ ቤት ውስጥ ተጠራቅሞ አንድ ክብሪት ይጠብቃል። ሲያስቀዳም ጀሪካኑን መሬት አውርዶ ነው። ጄኔሬተሩ ካልበረደ አይጨምርበትም፤ ደም መርማሪው በጨለማ እያጉረመረመ ይጠብቃል፣ አባቴ አይሰማውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጀሪካን እስከ አፉ አይሞላም። በወልድያ ብርድ የገባ ቤንዚን መርሳ ሙቀት ላይ ሲወርድ ያብጣልና መተንፈሻ ይተውለታል።

እኔ በጉዞ ላይ ጋቢና እቀመጣለሁ። ሲሪንቃ ላይ ልጆች "የጃንሆይ ቤት መጣች" እያሉ ይከተሉናል፤ እጄን አወጣላቸዋለሁ፤ ከተማው ሲያልቅ እነሱም ያልቃሉ። ስንቆም ደግሞ አባቴና ደም መርማሪው ወደ ገጠር ይገባሉ፤ እኔ ቤቲቱን እጠብቃለሁ። ቤታችን ግድግዳና ጣሪያ፣ መስኮትም ጭምር አላት፤ ጎረቤት ብቻ ነው የሌላት። ሁሉም ሩቅ ቆሞ ያየናል። የመንግሥት ነገር ነው ብለው ይሆናል አይቀርቡም። ድምፄ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ከጠረጴዛው እግር ጋር የማወራበት ጊዜ ነበር።

መርሳ የምንቆመው ከከተማው ዳር፣ ከብርቱካን ተክሎቹ አጠገብ ነው። ከመንገዱ ማዶ የአንዲት አሮጊት ቤት አለ። ጠዋት ሲወጡ እጃቸውን ያነሱልኛል፤ እኔም አነሳለሁ። እንግዲህ የእኔ ወዳጅ እሳቸው ነበሩ፤ በእጅ ብቻ።

ያን ቀን ከወልድያ ስንነሳ አባቴ መጎተቻውን ሲያጠብቅ ቤንዚን ሻጩ ጀሪካኖቹን ሞላቸው። ሰውየው አባቴን ይወደዋል። ስለሚወደውም ምራቂ ጨመረለት፤ ሁሉንም እስከ አፋቸው። አባቴ ያወቀው መርሳ ደርሰን ጠፍሩን ሲፈታ ነው። የአንዱ ጎን ረጥቧል፤ የክዳኑ የጎማ ቀለበት ተሰንጥቋል። የሚያጋባበት ባዶ ዕቃ የለም፤ የላንድሮቨሯም ሆድ ሙሉ ነው። እሱና ደም መርማሪው ተጎታቹን ፈትተው ወደ ቆላው ሊወርዱ ነው፤ ያ ድንጋያማ መንገድ ደግሞ የሚያፈስ ጀሪካን የሚሄድበት አይደለም። ሻጩን አልረገመውም። "በምራቂ ሊያቃጥለን" ብቻ አለ። ጀሪካኑን ከቤቲቱ ራቅ አድርጎ ብርቱካን ጥላ ሥር አቆመውና ውኃ የነከረ ጆንያ አለበሰው። እሳት እንዳላነድ፣ ክብሪትም እንዳልነካ፣ እስኪመጣ ቆሎ እንድበላ አዘዘኝ። ሲሄድ ሁለቴ ዞሮ አየኝ።

ቀኑ አላልቅ አለ። ቆሎዬን በላሁ። ሽታው ከነፋሱ ጋር ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ሰው እንኳ መንገድ ጠፍቶት ቢመጣ ብዬ ተመኘሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሮጊቷ ከቤታቸው ወጡ። ይህን ጊዜ እጃቸውን አላነሱም፤ መንገዱን ተሻግረው ወደ እኔ መጡ። ፀጉሬን አስተካከልኩ። ቀረብ ሲሉ ነው በገል ላይ የያዙትን ፍም ያየሁት፤ በመዳፋቸው ከነፋስ ከልለውታል። የሚመጡትም በብርቱካኑ ዛፍ በኩል ነው።

"እማማ፣ እዚያው ይቁሙ! አይቅረቡ!"

ቆሙ። "ምን አልሽ ልጄ? እሳት እኮ ነው ያመጣሁልሽ። ቀኑን ሙሉ ጭስ አጣሁባችሁ።"

ቤንዚን አለ፣ ይነድዳል አልኳቸው። ሳቅ አሉ። ላምባ በእኔም ቤት አለ፣ ከምድጃው ጎን ነው የሚያድረው፣ ወላሂ አንድ ቀን ነክቶኝ አያውቅም ብለው አንድ እርምጃ ጨመሩ።

ሮጥኩ። ገሉን ከእጃቸው ነጥቄ ወደ መንገዱ ማዶ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ወሰድኩና ደፋሁት። ጣቶቼ ተለበለቡ። በተረከዜ አፈር ቆፍሬ ፍሙን ቀበርኩት፤ እስኪጠፋ ድረስ ረገጥኩት። ቀና ስል ቆመው ያዩኛል።

"አፈር አለበስሽው?" አሉ በቀስታ። ጎረቤት ያመጣውን እሳት እንደ ሬሳ ቀበርሽው ማለታቸው ነው። ከዚያም፣ "እኔ እናት የላትም ብለውኝ ነበር የመጣሁት" ብለው ባዶ እጃቸውን ይዘው ሄዱ። ልከተላቸው ፈለግኩ፤ ግን ጀሪካኑን ማን ይጠብቀው? እንግዳዬን እኔው ራሴ መልሼ ብቻዬን ቆምኩ።

አባቴ ሊመሽ ሲል መጣ። ነገርኩት። የተለበለቡትን ጣቶቼን ያዘና ወደ ዛፉ፣ ወደ መንገዱ፣ እንደገና ወደ ዛፉ አየ።

በማግስቱ አሮጊቷ ቤት ይዞኝ ሄደ። ፊታቸው አልተፈታም፤ ግን ግቡ አሉን። አባቴ ቤንዚንን እንደ ላምባ እንዳያዩት አስረዳቸው። ላምባ እሳት ካልነካው ዝም ይላል፣ ቤንዚን ግን ሽታው ራሱ ተነስቶ በነፋስ ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል፤ እርስዎ ዛፉ ጋ ሳይደርሱ ይይዝዎት ነበር አላቸው። እሳቸው እጄን ሳብ አድርገው ጣቶቼን አገላብጠው አዩ። "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። ቀና ብለውም አባቴን፣

"ታዲያ አንተ እንዲህ ያለውን ነገር ከልጅ ጋር ትተኸው ትሄዳለህ?"

አባቴ ጣቶቼን አየ። እኔ ግን መልሱን አወቅኩት፤ ያ የምፈራው ቀን መጥቶ ነበር።

ወደ ወልድያ ተመለስን። ሲሪንቃ ልጆቹ ተከተሉን፤ እጄን አላወጣሁላቸውም። አክስቴ ደጃፍ ሲደርስ አባቴ ሞተሩን አጠፋ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም አለኝ፣ ደግ አድርገሻል። "ያን ደግ እንድታደርጊ ብቻሽን የተውኩሽ እኔ ነኝ።" በሩን አልያዝኩም። ወረድኩ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ይኸው እጽፋለሁም፤ መጻፍ እንዲህ ደስ እንደሚል ማንም አልነገረኝም ነበር። ላንድሮቨሯ ስታልፍ ቤቲቱን እየጎተተች ይሁን ባዶዋን ከድምፅዋ አውቃለሁ። ጋቢናዋ ውስጥ እኔ እንደሌለሁ ግን ከድምፅዋ አይታወቅም።

አክስቴ ቤት በገባሁ ማግስት የምድጃዋ እሳት ጠፋ። ከጎረቤት እሳት ጭሪ ብላ ገል ሰጠችኝ። ጎረቤቶቹ ሰጡኝ፤ ማንም አትቅረቢ አላለኝም። ፍሙን በመዳፌ ከልዬ ስመለስ ከአጥሩ በር ላይ ቆምኩና ነፋሱን አሸተትኩ። ምንም የለም። የሽንኩርትና የጭስ ሽታ ብቻ ነው። ትንሽ ቆየሁ፤ ደግሜ አሸተትኩ። ከዚያ እሳቱ ሳይጠፋ ገባሁ።