የመድፉ ክፍል ልጅ

ወይዘሮ ሎቭዴይ ሆስኪን ጠዋት ጠዋት፣ ምድጃውን ከመለኮሳቸው በፊት፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ ነበር። እጃቸው ረጥቦ ከተመለሰ የደንበኞቹን ልጆች ወንበሮች ከግድግዳው ወደ መሃል ይስባሉ። ከዚያ መዳፋቸውን በሽርጣቸው ጠርገው የሻይ ውሃ ይጥዳሉ።

ከሳቸው ጋር የምሠራበት ሻይ ቤት ያለው አንድ አሮጌ ምሽግ ውስጥ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ፈረንሳዮች በባሕር ይመጣሉ ተብሎ በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዋል ባሕር ዳርቻ፣ ገደል ጫፍ ላይ ተሠራ። ፈረንሳዮቹ አልመጡም። መድፎቹም ከልምምድ በቀር ሳይተኩሱ አርጅተው ተነሡ። ሻይ የምናቀርብበት ክፍል አንዱ መድፍ ቆሞበት የነበረው ነው፤ መድፉ ይዞርበት የነበረው ሐዲድ ዛሬም ወለሉ ላይ ስላለ የመስኮቱ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ይንገዳገዳል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ቤታቸው በቦምብ የፈረሰባቸው ቤተሰቦች ማንንም ሳያስፈቅዱ ምሽጉ ውስጥ ገቡ። ሎቭዴይ ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ባላቸው መርከበኛ፣ ልጃቸው ሩቢ ገና ድክ ድክ የምትል። የደረሳቸው ይኸው ክፍል ነበር። ሴቶቹ ግድግዳውን አበባ ባለው ወረቀት ለበጡት፤ ነፋስ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች በጨርቅና በጋዜጣ ወተፉ። ቀዳዳዎቹ የመድፍ ጭስ መውጫ ነበሩ። ሲደፈኑ ክፍሉ ሞቀ፤ ግድግዳው ግን ከአበባው ወረቀት ሥር ያልበው ጀመር። በፈረንጆቹ 1947 በወረደው ትልቅ በረዶ መንገዱ ተዘጋ። ሩቢ ስትስል ሰነበተች፤ ሐኪሙ በረዶውን በእግሩ ጥሶ ሳይደርስ ሞተች።

ሎቭዴይ ካረጁ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምሽጉ ሙዚየም ሲሆን የወታደሮቹ ስም በሰሌዳ ተጻፈ፤ የሩቢም ይጻፍልኝ አሉ። የሙዚየሙ ኃላፊ ዴንዚል ጡረታ የወጣ መድፈኛ ነው። በየዓመቱ ሰበብ እያመጣ ያሳልፋቸው ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን እንደ ልማዱ በሳፍሮን ቅመም የሚጋግሩትን ቢጫ ዳቦ ሲበላ ደግመው ጠየቁት።

«እማማ ሎቭዴይ፣ ይህ እኮ የወታደር ምሽግ ነው» አለ እያላመጠ። «እዚህ ያደረውን ሁሉ ከጻፍን ነገ አይጦቹም ይጠይቁናል።»

«አይጦቹማ ይገባቸዋል። ያንተ ወታደሮች የተዋጉት ከነሱ ጋር ብቻ ነው።»

ደንበኞቹ ሳቁ፤ ዴንዚልም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሳህኑን ከፊቱ እያነሡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስትጠብቁ ኖራችሁ፣ ጠላት አልመጣም» አሉት። «እዚህ የሞተችው የኔ ልጅ ናት፣ ዴንዚል።»

በማግስቱ ሜትር ይዞ መጣ። ቀና ብሎ ሳያያቸው በመስኮቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ለካ።

የሰሌዳውን ጽሑፍ እኔ እንዳዘጋጅ ተባለ። ሳህን አጥበን ስንጨርስ ወይዘሮ ሎቭዴይ አጠገቤ ተቀምጠው ሁሉን ነገሩኝ። በአልጋው ራስጌ የነበረውን ቀዳዳ የደፈኑት ራሳቸው ናቸው፣ በባላቸው አሮጌ ሹራብ። ይህን ልተወው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ጻፊው፣ ሰው ይወቀው አሉ። ሰሌዳው ተሰቀለ፤ የሩቢን ስም በጣታቸው ዳሰሱት። ዘንድሮ በጸደይ አረፉ።

እንዳልጽፈው የለመኑኝ አንድ ነገር ነበር። በረዶው ከመውደቁ በፊት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰው የቤት ቁልፍ ይዞላቸው መጥቶ ነበር። ቤቱ ኮረብታው ላይ ነው፣ አዲስና ደረቅ። ሎቭዴይ ለሌላ ሰው ስጠው ብለው መለሱት። ምሽጉ ውስጥ ሴቶቹ በአንድ ምድጃ ያበስሉ ነበር፤ ልብስ ሲያጥቡ ይዘፍናሉ፤ አንዷ ስታለቅስ የሌላዋ ልጅ እንኳ እናቱን ትቶ ወደሷ ይሮጣል። ባል በሌለበት ኮረብታ ላይ ብቻዬን ምን ልሠራ ብለው ነበር።

«ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»