ገለባ የተጎሰጎሱ ወፎች

ኑርሀያት ሐይቅ ከተማ ካለው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ስትቀጠር ስለ ወፎቹ የነገራት ሰው አልነበረም። የሳይንስ ክፍሉን በር ስትከፍት አሥራ አንድ ወፍ በመስታወት ዓይኑ አፈጠጠባት። ድሮ አንድ የውጭ አገር መምህር ያመጣቸው ናቸው። ጣዎስ አለ፣ በቀቀን አለ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቀው ባለ ቀይና ባለ ሰማያዊ ላባም አሉ። ቆዳቸው ተገፎ፣ ሆዳቸው ገለባና ጥጥ ተጎስጉሶበት በሽቦ እግር ቆመዋል። ላባቸው ያምራል። ለእሷ የታያት ግን ከላባው ሥር ያለው ነው። ቢያብረቀርቅም በክት በክት ነው።

የባዮሎጂው መምህር ዝናቡ አያያዙን አሳያት። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከክንፉ ሥር ወደ ጫፉ መጥረግ፣ ቆዳው ድሮ በመርዝ ስለታሸ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ብል እንዳይገባ ናፍታሌን ማኖር። አሥራ አራት ዓመት እንደተባለችው አደረገች፤ አንድም ቀን ግን አልለመደችውም። የበቀቀኑ አንገት በእጇ ላይ እንደ ቋንጣ ሲንኮሻኮሽ ጥርሷን ትነክሳለች። ያን ቀን ሥጋ አትቀምስም።

ለውጡ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ቀለም ተቀባ፤ ወፎቹም ለጎብኚ ይታያሉ ተብሎ ስማቸው ተጽፎ ተለጠፈላቸው። ጎብኚው ሳይመጣ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ኑርሀያት ልጇን ሂዳያን ይዛ ወደ አምባሰል ገጠር፣ ዘመድ ቤት ሸሸች።

ታኅሣሥ ላይ ስትመለስ ሽታው ከግቢው በር ላይ ተቀበላት። ወፎቹ የበሰበሱ መስሏት ነበር። ለካ ክፍሉ ውስጥ ሰፍረው የነበሩት ታጣቂዎች የሰው በሬ አርደው በልተው፣ ቆዳውንና ፈርሱን እዚያው ጥለውት ሄደዋል። ቆዳው በትል ይንቀሳቀሳል። ቆዳ የሚበላ ጥቁር ጥንዚዛ ከዚያ ተነሥቶ ወፎቹ ላይ ወጥቷል። የጣዎሱ ሆድ ተቀዷል፤ ምናልባት ወርቅ ፈልገውበት ይሆናል። በጭራው ደግሞ አንዱ ዓይነ ምድሩን ጠርጎበታል።

ውጪ ወጥታ አስመለሳት። እነዚህን ወፎች የሥራ ዘመኗን ሙሉ ስትጸየፍ ኖራለች፤ አሁን የተጸየፈችው ግን ሰውን ነው።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። እሷ ፈርሱን በአካፋ ዝቃ ልትጨርስ ተቃርባ ነበር። ወፎቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሁሉንም እናቃጥለው እህቴ፣ ስንት ሰው በሞተበት ስለ ወፍ ማን ይጠይቃል?»

«ጥንዚዛ የበላቸው ይቃጠሉ» አለችው። «ያልተበሉትን ግን እኔ ነኝ የጠበቅኋቸው። ወላሂ፣ አላቃጥልም።»

ሰባቱን ግቢው ውስጥ አቃጠሏቸው። የላባው ግማት ልብሷ ላይ ለቀናት ቆየ። አራቱን በወፍራም ላስቲክ ከናፍታሌን ጋር አሽጋ አንድ ወር አቆየቻቸው፤ ስትከፍታቸው የሞተውን ጥንዚዛ ከላባቸው ውስጥ በወረንጦ ለቀመች። እየለቀመች ትተፋለች፤ እየተፋች ትለቅማለች።

ትምህርት ሲጀመር አራቱ መስታወት በሌለው መደርደሪያ ላይ ቆሙ። በዚያው ሰሞን አንድ አሳ አጥማጅ መረቡ ውስጥ የሞተ ትልቅ ነጭ ወፍ ለዝናቡ አመጣለት። ዝናቡ ደስ ብሎት «አሠራሩን ከመጽሐፍ አይተን የጠፉትን በዚህ እንተካ፤ አንቺ ቆዳውን ስትገፊ እኔ ሽቦውን አበጃለሁ» አላት።

«መምህር፣ ያሉትን እጠብቃለሁ» አለችው። «እነሱ ላይ ግን አንድም አልጨምርም።»

ዝናቡ አካፋ አነሣ። ወፉን ሐይቁ ዳር ቀበሩት።