የባሌን ቁስል ያጠበችው

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ ከከተማው ራቅ ባለ መንደር ከአንድ ሽማግሌ ወጌሻ ዘንድ ቁስል ማከም እማር ነበር። ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትም አብራኝ ትማራለች። እንዶድ ስወቅጥም ሆነ የቁስል ጨርቅ ስቀቅል፣ ወጌሻው «ጎሽ» እንዲሉኝ ከእርሷ ለመቅደም እጣደፍ ነበር።

ቁስለኞቹ አርበኞች የሚተኙት በሁለት ቤት ነው። ቁስሉ ያመረቀዘበት ከወንዙ ዳር ካለው ታችኛው ቤት ይገባል፤ ያላመረቀዘበት ከላይኛው። ታችኛው ለእኔ፣ ላይኛው ለእርሷ ተሰጠን።

አንድ ቀን ባሌን ጭኑን በጥይት ተመትቶ በቃሬዛ አመጡትና ላይኛው ቤት አስገቡት። ተከትዬ ስሮጥ ወጌሻው በከዘራቸው በሩን ዘጉብኝ።

«አንቺ እዚህ አትገቢም።»

ምክንያቱን ያወቅሁ መሰለኝ። ባለትዳር ሴት የቀረበችው ቁስል ሽታዋ ይመታውና ያመረቅዛል ይባላል። ባል የሌላት ግን ትገባለች።

ከዚያ ወዲያ እጄ ከሥራው፣ ጆሮዬ ከላይኛው ቤት ሆነ።

«ቀስ በይ እንጂ! ጣሊያን እንኳ እንዲህ አላሳመመኝም» ይላል ባሌ።

«ጀግና ነው ሲሉህ ሰምቼ ነበር፤ ዋሽተው ኖሯል?»

ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ መግል የነካውን ጨርቅ በእንጨት አማስላለሁ።

በመጨረሻ አልቻልሁም። «አባባ፣ ሚስቱ በመሆኔ ነው ባሌን ሌላ ሴት የምታስታምመው?» አልኋቸው።

ደንገጥ አሉ። «ስለ ትዳርሽ ማን አወራ? የምትውይው ከመግል ጋር ነው። ያንን ይዘሽ ብትገቢ እግሩን ታሳጭዋለሽ።»

«በእንዶድ እታጠባለሁ።»

«ቀሚስሽስ? መቀነትሽስ? እርሷ ችኩል ናት፤ ታች ባውላት መግሉን ይዛብኝ ወደ ላይ ትወጣለች። አንቺን ታች ያደረግሁሽ ስለማምንሽ ነው። እምቢ ካልሽ ግን ዛሬውኑ ተቀያየሩ።»

የተመኘሁት ምስጋና መጣ፤ ቅናቴን ግን አላበረደውም። ባሌን አሰብሁ፤ የእርሷንም ችኮላ አሰብሁ። ወደ ታች ወረድሁ።

ከሰነበተ በኋላ ባሌ ምርኩዝ ይዞ እያነከሰ ወደ ወንዙ መጣ። ሊያቅፈኝ እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«እዚያው ቁም! ከቁስለኛ ላይ ነው የተነሣሁት።»

«ምነው፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«አዎ። ቁስልህ ይግጠምና እንጣላለን።»