ዓሣ ዓሣ የሚሸት የደም ሣጥን

እኔ ሰቆጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ እጮኛዬ ደግሞ ታች አበርገሌ መምህር ነው። አምና ልጠይቀው ቆላ ወርጄ ትንኝ ነከሰችኝና ደንጊ የሚሉትን ትኩሳት ተሸክሜ ተመለስኩ። አቤት የአጥንት ቁርጥማት! ዘንድሮ ሠርጋችን ሲቃረብ ያው ትኩሳት እዚያው ተነሳ።

አፌን በቆረጠው! "አባዬ፣ ያው የአምናው ዓይነት ከሆነ ሰውነቴ ያውቀዋል፤ ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ሁለተኛው ይብሳል" ብዬ ያስረዳሁት ራሴ ነኝ።

አባቴ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "እንግዲያው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ሠርግ የለም! ልጄን ለትንኝ አልድርም!" ሲናደዱ ኽምጣኛ ይቀላቅላሉ፤ የቀረውን በኽምጣኛ ጨረሱት።

የሕመምተኞቹ ደም አዲስ አበባ ሄዶ የቫይረሱ ዘረ መል መነበብ ነበረበት። የአበርገሌው ጤና ጣቢያ መኪና ግን ተበላሽቶ ቆሟል፤ በዚያ ሙቀት ደሙ ሊበላሽ ነው። እጮኛዬ፣ እሱም ታሞ ገና መነሳቱ ነው፣ የደሙን ሣጥን ይዞ ከተከዜ ዓሣ የሚያመጡትን ነጋዴዎች ለመነ። በረዶአቸው ውስጥ ቀብረውለት፣ ዓሣው ላይ ተቀምጦ ሰቆጣ ገባ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከደሞቹ አንዱ የራሱ ነበር።

ደሙን ወደ አዲስ አበባ ላክሁት። መልሱ የሚነገርበት ቀን እጮኛዬ በዚያው የዓሣ መኪና መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። አባቴ ግባ አላሉትም። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

"ዓይነቱ ያው የአምናው ነው" አለ የአዲስ አበባው ባለሙያ። "ከሰው ሰው ሲዛመት ግን ዘረ መሉ እዚህም እዚያም ተለዋውጧል።"

አባቴ የሰሙት የመጨረሻዋን ብቻ ነው። "ይኸው! ተለውጧል!"

"አባዬ፣ ይስሙኝ እንጂ! ቫይረስ ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ አንዳንዱ ስህተት አብሮት ይቀራል። ጥቂት ቢለዋወጥም ዓይነቱ ያው ነው፤ ሰውነቴ አይስተውም።"

አባቴ ዞር ብለው በር ላይ የቆመውን አዩት፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተታል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

"ይሄም" አሉ ቀስ ብለው፣ "አምና ሽማግሌ የላከውን ልጅ አልመስል ብሎኝ ነበር። ከስቷል፤ ይሸታል። ግን ያው እሱ ነው።"

እናቴን ሳልጠብቅ እልልታውን ለቀቅኩት።

"ዝም በይ!" አሉኝ አባቴ፣ እየሳቁ። "ይልቅ ውሃ ስጪው፤ ታጥቦ ይግባ።"