ስም ሳይወጣላቸው የሄዱት

በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በቀበሌ ስብሰባ የተናገርኩት ስላልተወደደ ከቆቦ ዳር ካለ የማሽላ መጋዘን ከተቱኝ። ማሽላው ወጥቷል፤ ሽታው ቀርቷል። ቀን ቀን ሙቀቱ ሰውን ሳያስተኛም ሳያነቃም ይዞ ይውላል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ካንዱ ደረት ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ይሻገራል። ቆላው ሁሉ በጎርፍ ተሞልቶ እኛ በላዩ የምንንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር።

ከጎኔ የዋጃ ልጅ ነበር፤ የሕፃናት ሐኪምነት የሚማር። እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ከሚኒባስ አውርደው አመጡት።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዓይኑን እንደጨፈነ «አባባ፣ ከዚህ ከወጣሁ መምረጥ አለብኝ» አለ።

«ሚስት?»

ሳቀ። «እሷስ ቀላል ነበረች። የምማረውን ነው። የሕፃናት ሐኪም መሆን ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ልብ፣ አንዱ ኩላሊት፣ አንዱ ደም ብሎ ይይዛል።»

«ልጁን ቅርጫ አረጋችሁት በለኛ!»

ጥግ የተኛው ነጋዴ «ልብ ይሻልሃል፤ ልብ ያለው ሐኪም ጠፍቷል» አለው።

«በምን ትመርጣላችሁ?» አልኩት።

«አንዱ ጓደኛዬ የኩላሊት ሐኪም ጥቂት ነው ብሎ ያዘው። አንዷ እህቷ በካንሰር ሞታባት እሱን መረጠች። እኔ ልብ ነበር ያሰብኩት፤ የዳነው ልጅ ሲሮጥ ያዩታል። ግን ከሐሳቤ የማይወጡት ጨቅላዎቹ ናቸው፤ መዳፍ የማይሞሉት። መምህሬ ‹ሲሞትብህ አጠገቡ መቀመጥ የምትችለውን ምረጥ› አለኝ። ያንን መቀመጥ ፈራሁ። ስም ሳይወጣላቸው ነው የሚሄዱብኝ።»

በኛ ሰፈር ስም የሚወጣበት ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ ለሞተ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡም። «አላህ ይተካ» ይሉና ሁሉም ወደ እርሻው ነው።

«የኔም ሁለት ሄደዋል» አልኩት።

ተነስቶ ተቀመጠ። «ማን ሊሏቸው ነበር?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገርኩት። ስማቸውን ቀስ ብሎ ደገመው። ነጋዴው ጫማውን አውልቆ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። «አላህ ያጥናህ»፣ «እግዜር ያጥናዎት» አሉኝ፤ ካርባ ዓመት በኋላ።

ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለ።

«ልጆቼ» አልኩት። በሩን ቀስ አድርጎ መለሰው።

ብርሃኑ ከቀዳዳው ሊወጣ ሲል ሐኪሙ «ጨቅላዎቹን ነው የምይዘው» አለኝ።

«ፈራሁ አላልክም?»

«ተቀምጬ አየሁት እኮ አባባ። ይቻላል።»

ዛሬ የት እንደሚሠራ አላውቅም። በሙቀት ሸለብ ሲያደርገኝ ግን አየዋለሁ፤ መዳፉ ላይ ወዳለ ሕፃን ጎንበስ ብሎ ስም ይጠይቃል።

በዚያ ለቅሶ ማግስት ጧት አዲስ አለቃ መጣና ሁላችንንም እንደ አዲስ ጠየቀን።

«ስንት ልጅ ወለድክ፣ ሽማግሌው?»

«አምስት።»

መዝገቡን አገላበጠ። «እዚህ ሦስት ይላል።»

«አምስት ብለህ ጻፍ» አልኩት፤ እስኪጽፍም ከፊቱ አልተነቃነቅሁም።