መርሳ የገባው ሞተርና የአያ ይመር የሠርግ ጤፍ

መርሳ ላይ የሞተር ወፍጮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ከሰው ብዛት የተነሳ በሩ ጋ መድረስ አቅቶኝ ነበር። ጊዜው አብዮቱ ከመፈንዳቱ ሰባት ስምንት ዓመት ቀደም ይላል። ወልድያ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት የጭነት መኪና ሞተር ስፈታ ስገጥም ስለኖርኩ፣ የወፍጮው ባለቤት፣ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ፣ «ለዚህ ጉድ የሚሆነው አንተ ነህ» ብለው አመጡኝ። የማስነሻውን እጀታ፣ ማንቬላውን፣ ሁለቴ አዞርኩ፤ ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ተነሳ። የጎማ ቀበቶው፣ ቺንጋው፣ ድንጋዩን ሲያሽከረክረው ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ሞተሩን የፈለሰፍኩት እኔ ራሴ መሰለኝ!

ወፍጮው ሁለት ድንጋይ አለው፤ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይዞራል። እህሉ ከላይ ይገባል፣ ዱቄቱ ከታች ጆንያ ውስጥ ይወርዳል። የድንጋዩ ፊት እየለሰለሰ ሲሄድ ሞተሩን አቁሞ፣ ድንጋዩን አውርዶ በመዶሻና በብረት መሮው በስካርፔሎ ማሻከር ነው። ይህ መውቀር ይባላል። ሁለት ሴቶች ሙሉ ቀን መጅ ላይ ተደፍተው የሚፈጩትን እኔ ሐጂ የቀትሩን ዙህር ሰግደው እስኪመለሱ እጨርሰው ነበር።

ከተማው ዓይኔ እያየ ተለወጠ። እህል ይዞ ወፍጮ መሄድ ነውር የነበረበት ወንድ አህያውን እየነዳ መጣ። ከመጅ የተላቀቁ ልጃገረዶች ደብተር ይዘው ታዩ። ሻይ ቤቱም ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ተነስቶ እኛ በር ላይ ከተመ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የምሄደው እየሮጥኩ ነበር።

የሀብታሞቹ ትልልቅ ቤቶች ግን አልመጡም። «የሞተር ዱቄት ናፍታ ናፍታ ይላል፤ ሊጡም ኩፍ አይልም» ይሉ ነበር። እነሱ የሚያስፈጩት በእትዬ ብርቄ ነው። እትዬ ብርቄ ሦስት ልጆች በመጅ የምታሳድግ ባለሙያ ናት። መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ያቺ ጩኸታም ሙሽራህ እንዴት አደረች?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ ጠሩኝና «ይህ የሠርግ ወር ሲያልቅ ትልልቆቹ ቤቶች ካልመጡልን ሞተሩን ቆቦ ወስጄ እሸጠዋለሁ» አሉኝ። በዚያው ሳምንት የጎረቤቷ የግራና ሀብታም ገበሬ አያ ይመር ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። «ግማሹን ጤፍ ለብርቄና ለጓደኞቿ ሰጥቻለሁ። ግማሹን እናንተ ሞክሩት» አሉ። ሐጂ «አብሽሩ!» ብለው እጃቸውን ጨበጡ።

ዱቄቱ እንዲልም ብዬ ጤፉን በምፈጭበት ዋዜማ ሙሉ ቀን ድንጋዩን ስወቅር ዋልኩ። ጠዋት ማንቬላዬን አዞርኩና የሠርጉን ጤፍ ለቀቅኩበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል።

በማግስቱ ሠርጉ ቤት ሊጥ ልታቦካ የሄደችው እትዬ ብርቄ ከግራና በእግሯ መጣች። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አሳለፏት። ሳህን ሙሉ ዱቄት ይዛለች።

«ይችን ቅመስ» አለችኝ።

ቀመስኩ። ጥርሴ ስር ተንቀጫቀጨ።

«ድንጋዩን መቼ ወቀርከው?»

«ከትናንት በስቲያ።»

«ከወቀርከው ወዲያ መጀመሪያ ምን ፈጨህበት?»

ዞር ብዬ ድንጋዩን አየሁት። የተወቀረ ድንጋይ አሸዋ ይተፋል። መጀመሪያ ገለባ ፈጭቶ መድፋት እንደሚያስፈልግ መጅ የያዘች ሴት ሁሉ ታውቃለች፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ማን ነግሮኝ!

ሐጂ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ጤፉ ከአውድማው አሸዋ ይዞ መጣ በል» አሉኝ። ነገሩ ይታመን ነበር፤ ጤፍ መሬት ላይ ነው የሚወቃው። ሴቶቹ አፌን አፌን ያዩኛል። ሞተሬን ማጣት እንደ ሞት ነበር የምፈራው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ጤፉ ንጹህ ነበር፤ አሸዋው የኔ ድንጋይ ነው።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሐጂ።

«በሉ ሐጂ፣ አይቆጡ» አለች እትዬ ብርቄ። «ሊጡ ሳይቦካ ደርሼበታለሁ። ጤፍ ከጎተራዎ ያውጡ።»

ገለባ አስመጣች። ፈጨን፣ ደፋን፤ ደግመን ፈጨን፣ ደፋን። ከዚያ ከመቀነቷ እፍኝ ጤፍ ፈትታ አስፈጨችና ዱቄቱን አላመጠችው። «አሁን አምጡ!» ስትል የሐጂን ጤፍ እየሮጥኩ አመጣሁ።

ጆንያውን ስንጭን «ዝም ብትይ ኖሮ እኮ ሞተሩ ይሸጥልሽ ነበር» አልኳት።

«በሰው ሠርግ ነው የማሸንፍህ?» አለችና መዳፏን አሳየችኝ። ጣቶቿ ከመጅ ብዛት አልዘረጋ ብለዋል። «ልጄ ይህን እንዳትወርስ ብዬ ነው፣ አንተ ሞኝ።»

እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም።

በሠርጉ ላይ የትኛው እንጀራ የሞተር፣ የትኛው የመጅ ዱቄት እንደሆነ የለየ ሰው አልነበረም። ወሩ ሳያልቅ የትልልቆቹ ቤቶች አህዮች እስከ አስፋልቱ ተሰለፉ። ሐጂ እትዬ ብርቄን ቀጠሯት፤ ድንጋይ በተወቀረ ቁጥር እሷ ቀምሳ «ይሁን» ሳትል እህል አይገባም። ጓደኞቿ ግን ሥራቸውን አጡ። አንዳንዶቹ ወዴት እንደሄዱ እንኳ አላውቅም።

እኔም ሞተር ላስተማርኳቸው ሁሉ አንድ ነገር ነግሬያለሁ። ድንጋይ ከወቀርክና ገለባውን ከደፋህ በኋላ መጀመሪያ የራስህን እህል ፍጭ፤ ፈጭተህም ብላው።