ማዶ የሌለው ውሃ

ሰቆጣ ገበያ ዝናብ የነካው አሞሌ ጨው ሲሸተኝ ምጽዋ ትዝ ይለኛል። በልጅነቴ አያቴ አጎቴን ከወደብ ሥራው ወደ እርሻው ሊመልሱት ሲሄዱ ተከትያቸው ነበር። አጎቴ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ የገባ ጉብታ ላይ አወጣን። ውሃው ሰማዩን ነክቶ አየነው።

አያቴ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገቡ ሁሉ ጫማቸውን አወለቁ።

«ማዶው የት ነው?»

«አይታይም፣ አባ።»

ወደ አሸዋው ወርደው ውሃውን በጣታቸው ቀመሱ። «እኛ በአህያ ስንለፋ፣ ጨው ለካ እዚህ ይንቦጫረቃል!»

አጎቴ ሳቀ። «ታዲያ አሁንም እንሂድ ይሉኛል?»

አያቴ በእጃቸው ሞገዱን አመለከቱ። «ይህን ትተህ ና የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?»

አጎቴ እስካሁን አልተመለሰም። አያቴም የእርሱን ማሳ ለማንም አልሰጡም። ስለ ባሕሩ የጠየቃቸው ሲኖር ግን፣ መጀመሪያ ጫማቸውን ያወልቃሉ።